ራውተር የሚያስታውሰውና የሚረሳው

በኮምፒዩተር ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ «በራውተር ውስጥ ምን ምን ዓይነት ሜሞሪ አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ሮም፣ ፍላሽ፣ ኤንቪራም፣ ራም» ብሎ አራቱንም እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል። መልሱ ትክክል ስለሆነ ሙሉ ማርክ ያሰጠዋል። ይሁንና «አንዱ ብቻ ለምን አልበቃም?» የሚል ጥያቄ ቢከተል ክፍሉ ጸጥ ማለቱ አይቀርም። ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀችኝ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ያን ዕለት ጸጥ ያልኩት እኔው መምህሩ ነበርኩ። ጥቂት ካሰብኩ በኋላ «ሠሪዎቹ እንደዚያ አድርገው ስለሠሩት ነው» ብዬ አለፍኩት። መልሱ መልስ እንዳልነበረ ፊቷ ይናገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ሳገላብጥ ቆይቼ የተረዳሁት፣ መልሱ የሚገኘው በመማሪያ መጽሐፉ ሰንጠረዥ ውስጥ ሳይሆን በታሪክ ውስጥ መሆኑን ነው። አራቱ የሜሞሪ ዓይነቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ታስበው የወጡ አይደሉም። አንዳንዶቹ የመጡት መጥፋት የማይገባው ነገር ስለጠፋ ነው። የታሪኩ ከባድ ክፍል ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ያልረሳው፣ ነገር ግን አሳስቶ የያዘው ነገር ያስከተለው ጉዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

በመጀመሪያ ራውተር ምን እንደሆነ በአጭሩ እናስታውስ። ራውተር ኔትወርኮች በሚገናኙበት ቦታ ተቀምጦ፣ ፓኬት የሚባሉትን የመልእክት ቁርጥራጮች እየተቀበለ፣ አድራሻቸውን እያየ፣ ወደሚቀጥለው ጣቢያ የሚያሳልፍ ኮምፒዩተር ነው። ሥራው ከፖስታ ቤት ደብዳቤ ለዪ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ለዪው ደብዳቤውን አይከፍትም፤ በላዩ የተጻፈውን አይቶ በሚገባው ከረጢት ይጨምራል እንጂ። ይህን ለማድረግ ራውተሩ አራት ነገር ማስታወስ አለበት። አንደኛ የሥራ መመሪያውን፣ ማለትም ፕሮግራሙን፤ ሁለተኛ የራሱን አድራሻና ባለቤቱ የሰጠውን ትእዛዝ፤ ሦስተኛ የመንገዶቹን ሰንጠረዥ፤ አራተኛ ተቀብሎ ገና ያላሳለፋቸውን ፓኬቶች። የመጨረሻዎቹ ዕድሜ ከሰከንድ ያነሰ ነው፤ የመጀመሪያው ግን ለዓመታት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። የተማሪዋ ጥያቄ ግማሽ መልስ እዚህ ላይ ይገኛል።

የዛሬው ራውተር አያት ኢምፕ የሚባል መሣሪያ ነበር። አርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅ ከተማ በሚገኘው ቢቢኤን በተባለ ኩባንያ አሠራው። የመጀመሪያው ኢምፕ በኦገስት 1969 መጨረሻ ላይ በሎስ አንጀለስ ለሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። መሣሪያው ሃኒዌል የተባለው ፋብሪካ የሠራው ዲዲፒ-516 የተባለ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ሜሞሪው እያንዳንዳቸው 16 ቢት የሆኑ 12,288 ቃላት ብቻ የሚይዝ ነበር። በዛሬው መለኪያ 24 ኪሎባይት ማለት ነው። አሁን የምታነቡት ጽሑፍ በዛሬው የኮምፒዩተር ፊደል አሠራር ቢገለበጥ በዚያ ሜሞሪ ውስጥ አይገባም። ፕሮግራሙ፣ የመንገዱ ሰንጠረዥና በጉዞ ላይ ያሉት ፓኬቶች ሁሉ ይህችኑ ቦታ ይጋሩ ነበር።

ሜሞሪው ኮር ይባላል። ከብረት ማዕድን የተሠሩ፣ ከጤፍ ብዙም የማይተልቁ የማግኔት ቀለበቶች በቀጫጭን ሽቦዎች ላይ እንደ ዶቃ ተሰክተው፣ እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ቢት ይይዛል። ቀለበቱ በአንድ አቅጣጫ ሲመገነጥ 1፣ በሌላው ሲመገነጥ 0 ማለት ነው። የኮር ሜሞሪ በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ዊርልዊንድ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ በ1953 በሥራ ላይ ዋለ፤ ከሠሪዎቹ ግንባር ቀደሙ ጄይ ፎሬስተር ነበር። ይህ ሜሞሪ ሁለት ጠባይ አለው። የመጀመሪያው፣ የተጻፈበት ሲነበብ ይጠፋል፤ ስለዚህ መሣሪያው ያነበበውን ወዲያው መልሶ መጻፍ ነበረበት። ሁለተኛው ለእኛ ታሪክ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ማግኔቱ እንዳለ ይቆያል። በመሆኑም ኢምፕ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከሞላ ጎደል ካቆመበት ሊቀጥል ይችል ነበር። ፕሮግራሙ በአንድ ምክንያት ቢበላሽ ደግሞ፣ እሳት እንደሚጫር ጎረቤት፣ በስልክ መስመሩ በኩል ከቅርቡ ኢምፕ ትክክለኛውን ቅጂ ይቀዳ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን «ሮም፣ ፍላሽ፣ ኤንቪራም፣ ራም» የሚል ዝርዝር አላስፈለገም። አንዱ ኮር ሁሉንም ይሠራ ነበርና።

ታዲያ ይህን የመሰለ የማይረሳ ሜሞሪ ለምን ተተወ? በዋጋው፣ በግዙፍነቱና በዝግታው ምክንያት ነው። ቀለበቶቹ በአብዛኛው የሚሰኩት በሰው እጅ ነበር፤ ሥራውም ጥልፍ የሚጠይቀውን ትዕግሥት ይጠይቃል። በ1966 ሮበርት ዴናርድ የተባለው የአይቢኤም ተመራማሪ አንድ ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንዲት ትንሽ ካፓሲተር ሊያዝ እንደሚችል አሰበ፤ በ1968ም የፈጠራ መብት ተሰጠው። በ1970 ኢንቴል 1103 የተባለውን፣ 1,024 ቢት የሚይዝ የዚህ ዘር ቺፕ ለገበያ አቀረበ። ይህ ሜሞሪ ዲራም ይባላል። ርካሽነቱ ዓለምን ለወጠ። ነገር ግን ካፓሲተሯ እንደሚያፈስ እንስራ ናት፤ የያዘችው ኤሌክትሪክ በሺዎች በሚከፈል የሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ መጉደል ስለሚጀምር፣ መሣሪያው በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ እየዞረ ሁሉንም መሙላት አለበት። ሞይው የቆመ ዕለት ሁሉም ይፈስሳል። ኮር መብራት ሲጠፋ ያስታውስ ነበር፤ ዲራም ግን ይረሳል።

እንግዲህ የዝርዝሩ ሌሎች አባላት የተወለዱት ከዚህ ጉድለት ነው። መሣሪያው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ቢያንስ «ከየት ልጀምር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው፣ የማይረሳ አንድ ቦታ ያስፈልገዋል። ይህ ሮም ነው፤ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ሜሞሪ። የመጀመሪያዎቹ ሮሞች በፋብሪካ አንዴ ከተጻፉ በኋላ የማይታረሙ ስለነበሩ፣ አንዲት ስህተት ብትገኝ ቺፑ ይጣላል። በ1971 ዶቭ ፍሮማን የተባለው የኢንቴል መሐንዲስ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ተደምስሶ እንደገና የሚጻፍበትን ኢፕሮም ፈጠረ። በቺፑ አናት ላይ ብርሃኑ የሚገባባት ትንሽ መስኮት ነበረችው። ፍሮማን ከዚህ ሥራ በኋላ ወደ አፍሪካ መጥቶ በጋና፣ በኩማሲ ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን መምህራን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

በ1980ዎቹ ውስጥ ራውተር ከዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ወጥቶ የንግድ ዕቃ ሆነ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ዬገር የጻፈው የራውተር ፕሮግራምና አንዲ ቤክቶልሻይም የነደፈው የኮምፒዩተር ሰሌዳ መነሻ ሆነው፣ በ1984 ሊዮናርድ ቦሳክና ሳንዲ ለርነር ሲስኮ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። በእነዚያ ዓመታት ፕሮግራሙን ማሻሻል ማለት አንድ ሰው ጠመንጃ መፍቻ ይዞ ሄዶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ የሮሙን ቺፖች ነቅሎ በአዲስ መተካት ነበር። ራውተሩ በሌላ ከተማ ከሆነ የአውቶቡስ ጉዞ ይጨመርበታል። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ፍላሽ ነው። ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለው የቶሺባ መሐንዲስ በ1984 ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበው። ፍላሽ ያለ ኤሌክትሪክ ያስታውሳል፤ ቺፑም ሳይነቀል እዚያው ባለበት ተደምስሶ ይጻፍበታል። ስሙም የተወሰደው ከፎቶ ካሜራ ብልጭታ ነው፤ ሰፊው ክፍል በአንድ ብልጭታ እንደሚደመሰስ ለማመልከት።

ኤንቪራም ከሁሉም ትንሹ ነው፤ ባለቤቱ ለራውተሩ የሰጠውን አድራሻና ትእዛዝ ብቻ ይይዛል። በመጀመሪያው ዘመን ብዙ ጊዜ በትንሽ ባትሪ የሚደገፍ ተራ ራም ነበር። ትንሽ ቢሆንም ዋጋው የሚታወቀው ሲረሳ ነው። አንድ ቀን በኔትወርክ ልምምድ ክፍላችን ተማሪዎቼ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጅተው የአንድ አሮጌ ራውተር አድራሻዎች ሁሉ አስገብተው ጨረሱ። ሁሉም ሠራ፤ ተጨበጨበ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሲመለስ ራውተሩ እንደ አራስ ልጅ ምንም የማያውቅ ሆኖ «የመጀመሪያውን ዝግጅት እንጀምር?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። የጻፉት ሁሉ በራም ላይ ብቻ ነበር፤ ወደ ኤንቪራም እንዲገለበጥ የሚያዘውን አንድ መስመር አስቀድሜ አለማስተማሬ የእኔ ጥፋት ነው። ያን ትምህርት ግን ከዚያ ክፍል የረሳው ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

የአራቱን የሥራ ክፍፍል በዓይን ለማየት በ1990ዎቹ በብዛት የተሠራውና እስከ ዛሬም በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ሲስኮ 2501 ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ሲበራ በመጀመሪያ በሮም ያለው አጭር ፕሮግራም የመሣሪያውን ጤንነት ይመረምራል። ቀጥሎ በፍላሽ ያለው ዋናው ፕሮግራም ሥራ ይጀምራል። በመጨረሻም በኤንቪራም ያለው ትእዛዝ ተነብቦ በራም ላይ ይሰፍራል። «ሾው ቨርዥን» የተባለውን ትእዛዝ የጻፈ ተማሪ በስክሪኑ ላይ 32 ኪሎባይት ኤንቪራም፣ ብዙ ጊዜም 8,192 ኪሎባይት ፍላሽ መኖሩን ያያል። ስለ ራሙ የሚነገረው መስመር ግን ተማሪን ያደናግራል፤ 14336 እና 2048 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች በእዝባር ተለያይተው ይታያሉና። ሁለቱን ደምሩ፤ 16,384 ኪሎባይት፣ ማለት 16 ሜጋባይት ይመጣል። የመጀመሪያው ለፕሮግራሙ ሥራና ለመንገድ ሰንጠረዥ የተከለለ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፓኬቶች የሚያርፉበት ማቆያ ነው።

ስለዚህ ማቆያ አንድ ነገር መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን «ሜሞሪ በበዛ ቁጥር ይሻላል» እያልን እናስተምራለን። በ1985 ጆን ኔግል የተባለ ባለሙያ «ማቆያው ወሰን ባይኖረውስ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ የማይጠበቅ ነበር። እያንዳንዱ ፓኬት የተወሰነ ዕድሜ ይሰጠዋል፤ ዕድሜው ካለቀ ይጣላል። ወሰን በሌለው ማቆያ ሰልፉ እየረዘመ ሄዶ፣ ፓኬቱ ተራው ሲደርስ ዕድሜው ያለቀ ይሆናል። ራውተሩ ሌት ተቀን ይሠራል፤ አንድም የሚጠቅም ፓኬት ግን አያሳልፍም። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶች ማቆያውን የሚለኩት የመስመሩን ፍጥነት በደርሶ መልስ ጊዜው በማባዛት ሆነ። መስመሩ በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚያሳልፍና የደርሶ መልሱ ጊዜ ሩብ ሰከንድ ቢሆን፣ 2.5 ጊጋቢት ማቆያ ያስፈልጋል ማለት ነው። በ2004 ግን የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 50,000 ግንኙነቶች በአንድነት በሚያልፉበት እንዲህ ባለ መስመር ላይ 10 ሜጋቢት ገደማ እንደሚበቃ አሳዩ። ልዩነቱ ከ200 እጥፍ በላይ ነው። የሒሳብ መምህራን ምክንያቱ ከካሬ ሥር ጋር የተያያዘ መሆኑን ከነገርኳችሁ ቀሪውን ራሳችሁ ታወጡታላችሁ።

የመንገዱ ሰንጠረዥም የራሱ ጣጣ አለው። የኢንተርኔት ዋና ዋና ራውተሮች የዓለምን መንገዶች ሁሉ ይይዛሉ። በ1994 እነዚህ ወደ 20,000 ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ አንድ ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል። በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፓኬቶች ሲመጡ ለእያንዳንዱ ይህን ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ማንበብ አይሞከርም። ስለዚህ ቲካም የተባለ ልዩ ሜሞሪ በሥራ ላይ ዋለ። ተራ ሜሞሪ የሚጠየቀው «በ517ኛው ሣጥን ውስጥ ምን አለ?» ተብሎ ነው። ቲካም ግን የሚጠየቀው «ይህ አድራሻ ያለው በየትኛው ሣጥን ነው?» ተብሎ ነው። መምህር ስም መዝገቡን ይዞ 60 ተማሪዎችን አንድ በአንድ ከመጥራት ይልቅ፣ «ከደሴ የመጣ እጁን ያውጣ» ቢል ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰምተው የሚመለከተው ብቻ እጁን እንደሚያወጣ ማለት ነው። ፍጥነቱ አስደናቂ ነው፤ ነገር ግን ውድ ነው፤ ኤሌክትሪክም ይበላል፤ ስለዚህ በቁጥር ይሰጣል።

በኦገስት 12 ቀን 2014 የዓለም ሰንጠረዥ 512,000 ገደማ ደረሰ። ቬራይዘን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወደ 15,000 የሚሆኑ ተጨማሪ መንገዶችን ለአጭር ጊዜ በማሳወቁ ቁጥሩ በድንገት ወሰኑን ተሻገረ። በዚያን ጊዜ በብዙ ቦታ ይሠሩ የነበሩ ሲስኮ 6500 እና 7600 የተባሉ ራውተሮች ቲካማቸው አንድ ሚሊዮን ያህል ቦታ ቢኖረውም፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ግማሹ ብቻ ለተለመደው የኢንተርኔት አድራሻ ተመድቦ፣ የቀረው ለአዲሱ የአድራሻ ዓይነት ተጠብቆ ነበር። ወሰኑ ሲታለፍ የተረፉት መንገዶች በዝግተኛው ዋና ማቀናበሪያ ይታዩ ጀመር፤ በልዩ ልዩ አገሮችም ኢንተርኔት ተንቀራፈፈ፤ ተቆራረጠ። ፋብሪካው በዚያው ዓመት በሜይ ወር ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። መፍትሔውም አዲስ ሜሞሪ መግዛት አልነበረም፤ ክፍፍሉን ለውጦ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነበር። ጎተራው ባዶ ቦታ እያለው እህሉ ደጅ ፈሰሰ።

እስካሁን ያየነው ስለ መርሳትና ስለ መጥበብ ነው። ወደ ከባዱ እንመለስ፤ ሜሞሪ ያልረሳውን አጣሞ ቢይዝስ?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኢምፕ ሜሞሪው ታወከና፣ ለጎረቤቶቹ የሚነግረው የርቀት ዝርዝር ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይነበብ ጀመር። ትርጉሙ «ከእኔ ወደ ማንኛውም ቦታ ርቀቱ ዜሮ ነው» ማለት ነው። ጎረቤቶቹ አመኑት፤ ለሌሎቹም አወሩ። ወደ የትም የሚሄደው ፓኬት ሁሉ ወደ ሃርቫርድ ጎረፈ፤ እዚያም ቀረ። የአንድ ጣቢያ ብልሽት የሁሉም ብልሽት ሆነ። ከዚህ በኋላ ጥንቃቄ ተጨመረ፤ ግን አልበቃም።

ኦክቶበር 27 ቀን 1980 መላው አርፓኔት ለሰዓታት ቆመ። መንስኤው የጠፉ ሁለት ቢቶች ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1979 በሥራ ላይ በዋለው አሠራር፣ እያንዳንዱ ኢምፕ የመስመሮቹን ሁኔታ የሚገልጽ አጭር መግለጫ በየጊዜው ለሁሉም ይልካል። የትኛው መግለጫ አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ለመለየት ከ0 እስከ 63 የሚደርስ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይህም በ6 ቢት ይጻፋል። 63 ላይ ሲደርስ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ 0 ይመለሳል። አንድ ኢምፕ መግለጫ ሲደርሰው ቁጥሩን በእጁ ካለው ጋር ያነጻጽራል። አዲስ ከሆነ ይመዘግበውና ለጎረቤቶቹ ሁሉ ያስተላልፋል፤ አሮጌ ከሆነ ይጥለዋል። ቁጥሮቹ ክብ ስለሚሠሩ «አዲስ» የሚባለው በክቡ ላይ ወደ ፊት ሲቆጠር ከ32 እርምጃ የማይበልጥ ርቀት ላይ የሚገኘው ነው። ደንቡ ቀላልና ለጤናማ መሣሪያ የሚበቃ ነበር።

ያን ቀን ግን ቁጥር 29 የሆነው ኢምፕ ቢቶችን የሚጥል ብልሽት ነበረበት። ከጎረቤቱ ከቁጥር 50 የመጣ አንድ መግለጫ ተራ ቁጥሩ 44 ነበር፤ በሁለትዮሽ ሲጻፍ 101100። በዚያ በታመመው ኢምፕ ውስጥ አንድ 1 ወድቆ 0 ሆነ፤ 101000፣ ማለት 40። ሌላም 1 ወደቀ፤ 001000፣ ማለት 8። ስለዚህ የአንድ መግለጫ ሦስት ቅጂዎች 8፣ 40 እና 44 የሚል ቁጥር ይዘው ወጡ። ተማሪዎች ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሥሩት። ከ8 ወደ 40 ወደ ፊት 32 እርምጃ ነው፤ ስለዚህ 40 ከ8 ይልቅ አዲስ ነው። ከ40 ወደ 44 አራት እርምጃ ነው፤ 44 ከ40 ይልቅ አዲስ ነው። ከ44 ተነሥቶ በ63 በኩል ዞሮ 8 ለመድረስ 28 እርምጃ ነው፤ ስለዚህ 8 ከ44 ይልቅ አዲስ ነው! አበበ የከበደ ታናሽ፣ ከበደ የተሰማ ታናሽ፣ ተሰማ ደግሞ የአበበ ታናሽ ነው እንደማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መጨረሻ አልነበረውም። 8 የያዘ ኢምፕ 40 ሲደርሰው «አዲስ ነው» ብሎ ለሁሉም ያስተላልፋል፤ 44 ሲመጣም እንዲሁ፤ ከዚያ 8 ተመልሶ ይመጣል። እነዚህ መግለጫዎች ከማንኛውም ሥራ ቅድሚያ ስለሚሰጣቸው ማቀናበሪያው ለሌላ ጊዜ አጣ፤ ማቆያዎቹም በእነሱ ተሞሉ። በካምብሪጅ ያሉት ተቆጣጣሪዎች አንድ ኢምፕ አጥፍተው ሲያስነሱት፣ ጎረቤቶቹ ወዲያው ያንኑ በሽታ መልሰው ይሰጡት ነበር። በሺህ ኪሎ ሜትሮች በሚራራቁ ጣቢያዎች ያሉ ጤነኛ መሣሪያዎች፣ ሁሉም ደንቡን በትክክል እየፈጸሙ፣ ሁሉም ሥራ አቁመው ነበር። መሐንዲሶቹ የሜሞሪውን ይዘት አውጥተው ሲያዩ ከቁጥር 50 የተላኩ የሚመስሉ፣ 8፣ 40፣ 44፣ 8፣ 40፣ 44 የሚሉ መግለጫዎች ተደርድረው አገኙ። በመጨረሻም «ከቁጥር 50 የሚመጣ መግለጫ አትቀበል» የሚል አጭር ማስተካከያ ለሁሉም አሠራጭተው ወረርሽኙን አቆሙት። ኤሪክ ሮዘን የተባለው የቢቢኤን ባለሙያ በ1981 የታሪኩን ዝርዝር ሳይደብቅ ጽፎ አወጣ፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። ስህተትን እንዲህ ገልጦ መጻፍ በየሙያው የተለመደ አይደለም።

አንባቢ «መከላከያ አልነበረም ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነበር። ማንኛውም ፓኬት በስልክ መስመር ላይ ሲጓዝ በ24 ቢት የማረጋገጫ ቁጥር ይጠበቅ ነበር። ገንዘብ ያዥ ብሩን ቆጥሮ ድምሩን በከረጢቱ ላይ እንደሚጽፍ፣ ላኪው ይደምራል፤ ተቀባዩም ደምሮ ያመሳክራል። ነገር ግን ጥበቃው የመንገዱን እንጂ የቤቱን አልነበረም። ብሩ ካዝና ውስጥ ሳለ ቢጎድልና ቀጥሎ ሲላክ የጎደለው ተቆጥሮ ድምሩ ቢጻፍ፣ ሒሳቡ ትክክል ይሆናል፤ ብሩ ግን የለም። ሁሉም ሜሞሪ የተቀመጠበትን እንዳለ ይመልሳል ብሎ አምኖ ነበር።

ይህ እምነት ከኮር ጋር የቀረም አይደለም። በ1978 ቲሞቲ ሜይና መሪ ዉድስ የተባሉ የኢንቴል ተመራማሪዎች፣ በዲራም ቺፕ መሸፈኛ ውስጥ ያለች ኢምንት ዩራኒየምና ቶሪየም የምትረጨው የአልፋ ቅንጣት አንዲት ቢት ልትገለብጥ እንደምትችል አሳይተዋል። ቺፑ አልተበላሸም፤ ነገ ቢፈተን ጤነኛ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ውሸት ተናግሯል። ከጠፈር በሚመጡ ጨረሮች ሳቢያም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ስለዚህ ዛሬ በትላልቅ ራውተሮች ውስጥ ያለው ሜሞሪ፣ ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 ባሳተመው ሒሳብ መሠረት፣ ከዋናው ቢት ጎን ተጨማሪ ቢቶች እየያዘ አንዲት ስህተት ስትደርስ ራሱ ያርማል።

ለ1980ው አደጋ ግን ዋናው መፍትሔ በቺፕ ሳይሆን በደንብ ላይ የተሠራ ነው። ራዲያ ፐርልማን በ1983 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ኔትወርክ ያለ ሰው እርዳታ ከእንዲህ ያለ በሽታ ራሱን እንዲያድን ቁጥሮቹና የመግለጫዎቹ ዕድሜ እንዴት መደራጀት እንዳለባቸው አስተማረች። ዛሬ በድርጅቶችና በዩኒቨርሲቲዎች ኔትወርክ በብዛት የሚሠራበት ኦኤስፒኤፍ የተባለው አሠራር የዚያ ሐሳብ ወራሽ ነው። ተራ ቁጥሩ ክብ መሆኑ ቀርቶ፣ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ የ32 ቢት ቁጥር ሆነ። የማረጋገጫውን ድምር የሚሠራው መግለጫውን ያመነጨው ራውተር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሳይነኩ ከመግለጫው ጋር ያኖሩታል፤ ካዝናው ውስጥ ሳለ የጎደለው አሁን ይታወቃል። መግለጫው ዕድሜም ተሰጠው። ባለቤቱ በየ30 ደቂቃው ካላደሰው፣ አንድ ሰዓት ሲሞላው ሁሉም ይረሱታል። መርሳት፣ በዲራም ጊዜ እንደ ጉድለት የታየው ነገር፣ እዚህ በደንብ የታዘዘ ሥራ ሆነ።

በ1998 የታተመው የዚሁ አሠራር ደንብ ሌላም ይጨምራል። ማንም ባይጠይቀውም፣ ምንም ስህተት ባይታይም፣ ራውተሩ በሜሞሪው የያዘውን እያንዳንዱን መግለጫ በዕድሜው በየ5 ደቂቃው መልሶ ደምሮ እንዲያመሳክር ያዛል። ድምሩ ካልገጠመ ወይ ፕሮግራሙ ተሳስቷል፣ ወይም ሜሞሪው ተበላሽቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መግለጫውን ብቻ ጥሎ መቀጠል አይፈቀድም፤ ቢያንስ ራውተሩ ራሱ ከሥር መነሣት አለበት ይላል ደንቡ።